የባክቴሪያዎች ቅርጽና አደራደር መጠሪያዎች በአማርኛ

1. መነሻ

በአርሲ ደጋ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላ ከተማ፣ ትኩሳት የጣለው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ ከጣቱ ጥቂት ደም ይወሰድና በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ከጠጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መርማሪው በመጀመሪያ የሚፈልገው ስም ሳይሆን ቅርጽ ነው። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ቀለበት የመሰለ ነገር ካየ፣ ወባ ነው ይላል። ከሕዋሳቱ ውጭ፣ በመካከላቸው፣ ላላ ብሎ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ካየ ግን ሕመሙ ግርሻ መሆኑን ያውቃል። ተስቦን የሚያመጣው ባክቴሪያ ደግሞ በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚኖርና እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ በዚህ ዐይነቱ ተራ የደም ምርመራ አይታይም። ሦስቱም በሽታዎች በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጀምራሉ፤ ግርሻንና ተስቦን የሚያስተላልፈውም ያው አንዱ የልብስ ቅማል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው በአብዛኛው መርማሪው ባየው ቅርጽ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ግርሻ ለአሰላ እንግዳ በሽታ አይደለም። በ1993 የታተመ አንድ ጥናት በአሰላ ሆስፒታል የታከሙ 389 የግርሻ ሕሙማንን ሁኔታ መርምሮ አቅርቧል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የደጋው ብርድ ልብስ ያስደርባል፤ የክረምቱ ዝናብ ሰዎችን በአንድ ጣራ ሥር አጠጋግቶ ያስተኛል፤ ይህም ለቅማሉ የተመቸ ነው። በሽታው ካልታከመ ከመቶ ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በወቅቱ ከታወቀ ግን በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን ይድናል።

እንግዲህ የቋንቋ ባለሙያ በዚህ ውስጥ ምን ያገባዋል? ቢባል፣ መልሱ መርማሪው ያየውን ቅርጽ የሚናገርበት ቃል ላይ ነው። ባለሙያው ትምህርቱን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሕመምተኛው ጋር የሚነጋገረው ብዙውን ጊዜ በኦሮምኛ ነው፤ ለጀማሪ የጤና ሠራተኞች የሚዘጋጀው ማስተማሪያ ደግሞ አንዳንዴ በአማርኛ ይጻፋል። በዚህ መካከል የቅርጹ ስም ከተድበሰበሰ፣ በማይክሮስኮፕ የተለየው ነገር በወረቀት ላይ ተመልሶ ይቀላቀላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ባክቴሪያዎች በቅርጻቸውና ሕዋሳቱ አጠገብ ለአጠገብ በሚቆሙበት አደራደር የሚለዩባቸውን ቃላት መርምሮ፣ ለተርጓሚዎች የሚያገለግል አንድ መመሪያ ማቅረብ ነው።

2. ችግሩ ከፊደላችን ጋር ያለው ግንኙነት

በላቲን ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች «ባሲለስ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። በትንሽ ፊደል ሲጀምር የበትር ቅርጽ ያለውን ማንኛውንም ባክቴሪያ ያመለክታል፤ በትልቅ ፊደል ሲጀምርና በዘመም ጽሕፈት ሲታተም ግን የአንድ የተወሰነ ወገን፣ ማለትም የአንድ ጂነስ ስም ነው። አንባቢው ልዩነቱን የሚያውቀው በዐይኑ ነው። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም፤ ዘመም ጽሕፈትም ለዚህ ተግባር የሚውልበት ልማድ የለንም። ስለዚህ ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመጡ ያው አንድ «ባሲለስ» ይሆናሉ።

ይህ የፊደል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት ቋንቋውን እንዲያርም የተሰጠው አንድ የጤና ትምህርት ረቂቅ ነበር። በረቂቁ አንድ ገጽ ላይ «ባሲለስ ስፖር ስለሚሠራ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል» ይላል፤ ይህ ስለ አባ ሰንጋ የተጻፈ ሲሆን እውነት ነው። ጥቂት ገጾች አልፎ ደግሞ «የሳንባ ነቀርሳ ባሲለስ» ይላል፤ ይህም በቦታው ትክክል ነው። ሁለቱን ያነበበ ሰው ግን የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያም ስፖር ሠርቶ በአፈር ውስጥ ዓመታት ይኖራል ብሎ መደምደሙ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳው ባክቴሪያ በትር መሰል ይሁን እንጂ ወገኑ ማይኮባክቴሪየም ነው፤ ስፖርም አይሠራም። ተርጓሚው አንድም የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር አልጻፈም፤ ስሕተቱ የተፈጠረው በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ነው።

ተመሳሳይ ችግር በሌላም ቃል ይታያል። ሐንስ ክሪስቲያን ግራም የተባለው የዴንማርክ ሐኪም በ1884 ያሳወቀው የማቅለሚያ ዘዴ በስሙ ይጠራል። አማርኛ አንባቢ ግን «ግራም» የሚለውን ቃል ከሚዛን ጋር እንጂ ከሰው ስም ጋር አያገናኘውም፤ በትልቅ ፊደል ልናስጠነቅቀውም አንችልም። ስለዚህ «የግራም ማቅለሚያ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ ይመረጣል።

ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን መመሪያ እናቀርባለን፦ ቅርጽንና አደራደርን የሚገልጽ ቃል ይተርጐም፤ የወገን ስም ግን በድምፁ ይጻፍ። ቅርጽ መግለጫ ነው፤ መግለጫ ትርጉሙ ካልተላለፈ አይገልጽም። የወገን ስም ግን መጠሪያ ነው፤ ሊተረጐም አይገባውም። በትልቅና በትንሽ ፊደል ያጣነውን ልዩነት በዚህ መንገድ በራሱ በቃሉ እናስገኘዋለን።

3. የቅርጽ መጠሪያዎች

የሀገራችን የበሽታ ስሞች ለዚህ ሥራ ቀጥተኛ እርዳታ አይሰጡም። «አባ ሰንጋ» በበሽታው የሚጠቃውን እንስሳ፣ «ማጅራት ገትር» ምልክቱን፣ «ግርሻ» ደግሞ በሽታው ለቆ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ይናገራሉ። ሕዝቡ የሰየመው ያየውን ነው፤ ባክቴሪያን ግን በባዶ ዐይን ያየው የለም። በአውሮፓም ቢሆን ሌዌንሁክ ከጥርሱ ላይ ካገኛቸው ጥቃቅን ፍጥረታት በ1683 ሥዕል ቢነድፍም፣ በቅርጻቸው ደልደል ባለ ሥርዐት የመደቧቸው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በተለይም ፈርዲናንድ ኮን በ1872 ያወጣው ምደባ ሉል መሰል፣ በትር መሰልና ጥምዝ የሆኑትን ለየ። «ባክቴሪያ» የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ ትንሽ በትር ማለት ነው። ስለዚህ «ሉል ባክቴሪያ» ስንል ከሥርወ ቃሉ አንጻር «ክብ በትር» እንደ ማለት ነው፤ ቃሉ ግን ከመነሻው ርቆ የጠቅላላው ስም ስለሆነ ይህ ማንንም አያውክም።

ሀ. ሉል። «ኮከስ» ከግሪክኛ ሲወረስ ፍሬ ወይም ቅንጣት ማለት ነው። ለዚህ «ክብ» የሚለውን የመረጡ አሉ፤ ክብ ግን በወረቀት ላይ የሚነደፍ ጠፍጣፋ ቅርጽ ነው፤ ምጣድም ክብ ነው። የሕዝቡ አነጋገር «ድቡልቡል» የሚል እጅግ ተስማሚ ቃል አለው፤ ማብራሪያ ላይ ልንጠቀምበት ይገባል። ነገር ግን ረዥም ስለሆነ ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ይከብዳል። «ሉል» በግእዝ ዕንቍ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ድቡልቡል አካልን ለመግለጽ ከታወቀ ቈይቷል። አጭርም ነው፤ ስለዚህ ተመራጭ ነው።

ለ. በትር። «ባሲለስ» በላቲን ትንሽ በትር ማለት ነው። «ዘንግ»ና «በትር» የሚሉት ሁለቱም ቀርበዋል። ዘንግ ግን በመካኒክስና በጂኦግራፊ ነገር የሚሽከረከርበትን መካከለኛ መሥመር ለመግለጽም ይውላል፤ ጥምዝ ባክቴሪያዎችም በውስጣቸው እንዲህ ዐይነት መሥመር ተከትሎ የሚሄድ ክር ስላላቸው ቃሉን ለዚያ ማቈየት ይሻላል። «ዘንጋማ» የሚለው ደግሞ ከናካቴው መወገድ አለበት፤ «ተራራማ»ና «ድንጋያማ» ተራራና ድንጋይ የበዛበት ማለት እንደ ሆነ ሁሉ «ዘንጋማ»ም ዘንግ የበዛበት ይሆናልና። «በትር» ግን እረኛውም የሚይዘው፣ ቀጥ ያለና መጠኑ የታወቀ ነገር ነው። በሉልና በበትር መካከል ያሉትን አጫጭር ቅርጾች፣ ለምሳሌ በከብቶች ላይ ውርጃ የሚያስከትለውን ብሩሴላን፣ «ሉላዊ በትር» ማለት ይቻላል።

ሐ. ማጭድ። የኮሌራው ባክቴሪያ ጐበጥ ያለ በትር ነው። ሮበርት ኮክ በ1884 «ነጠላ ሰረዝ» ከሚባለው የአውሮፓውያን ሥርዐተ ነጥብ ጋር አመሳስሎታል፤ ዛሬም በብዙ መጻሕፍት እንዲሁ ይገለጻል። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ የመለሰ ተርጓሚ ግን አንባቢውን ያሳስታል። የእኛ ነጠላ ሰረዝ ሁለት ነጥብና አንድ አጭር አግድም ጭረት ነው እንጂ ጐባጣ አይደለም፤ ተማሪው ይህን ይዞ ማይክሮስኮፕ ቢመለከት የሚፈልገውን አያገኝም። የአርሲ ገበሬ ገብስና ስንዴ የሚያጭድበት ማጭድ ግን ቅርጹን በትክክል ያሳያል። ስለዚህ «ማጭድ መሰል»፣ በጥምር ቃል ደግሞ «ማጭድ በትር» እንላለን። የወገኑ ስም «ቪብሪዮ» እንዳለ ይጻፋል።

መ. ጥምዝና ተጠማዛዥ። በዚህ ቦታ አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ ዕድል አለው። ሳይንስ ሁለት ዐይነት ጥምዝ ባክቴሪያዎችን ይለያል። የመጀመሪያዎቹ፣ ስፒሪለም የሚባሉት፣ አካላቸው ደረቅና ግትር ነው፤ የሚዋኙትም ከውጭ በተተከሉ ጅራፍ መሰል ክሮች ነው። ሁለተኛዎቹ፣ ስፓይሮኪት የሚባሉት፣ አካላቸው ተለማጭ ነው፤ መንቀሳቀሻ ክራቸው በውጭው ሽፋን ሥር ስለሚገኝ ሲንቀሳቀሱ ራሳቸው ይጠማዘዛሉ። ላቲንና ግሪክኛ ይህን ልዩነት በስሙ ውስጥ አልገለጹትም፤ አንዱ «ትንሽ ጥምዝ»፣ ሌላው «ጥምዝ ጠጉር» ማለት ብቻ ነው። የአማርኛ ግሥ ግን የተፈጸመውን ሁኔታና ድርጊቱን የሚፈጽመውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ «ጥምዝ» አንዴ ተጠማዝዞ የቀረ ነው፣ «ተጠማዛዥ» ግን ራሱን የሚያጠማዝዝ ነው። እንግዲህ ስፒሪለምን «ጥምዝ»፣ ስፓይሮኪትን «ተጠማዛዥ» ብንል ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታወቃል።

በአሰላው መስታወት ላይ የሚታየው የግርሻ ባክቴሪያ ከሁለተኛው ወገን ነው። ኦቶ ኦበርማየር በ1868 በበርሊን ከሕሙማን ደም ውስጥ አይቶት፣ ግኝቱን በ1873 አሳተመ። ርዝመቱ እስከ 30 ማይክሮሜትር ሊደርስ ስለሚችል የቀይ ደም ሕዋስን ስፋት ብዙ ጊዜ ያጥፋል፤ ውፍረቱ ግን ከግማሽ ማይክሮሜትር አይበልጥም። ትኩሳቱ በበረታ ጊዜ በደም ውስጥ ይታያል፤ ትኩሳቱ ሲለቅ ይሰወራል። የላይ ሽፋኑን ፕሮቲን እየለወጠ ከሰውነት መከላከያ ስለሚያመልጥ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። «ግርሻ» የሚለው የቈየ ስም ይህንኑ ይናገራል። በነገራችን ላይ «ግርሻ» ማንኛውም ሕመም ዳግም ማገርሸቱንም ስለሚያመለክት፣ በሽታው ራሱ ሲጠራ «የግርሻ ትኩሳት» ተብሎ ቢጻፍ ከአሻሚነት ይድናል።

4. የአደራደር መጠሪያዎች

ሉል ባክቴሪያዎች ከተከፈሉ በኋላ ብዙውን ጊዜ አይለያዩም። አደራደራቸውን የሚወስነው የሚከፈሉበት አቅጣጫ ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተከፈሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወይም ተከታትለው ረዥም ሰንሰለት ሠርተው ይታያሉ። በሁለት አቅጣጫ፣ በማእዘን እየተፈራረቁ ከተከፈሉ አራት አራት ይሆናሉ። በሦስት አቅጣጫ ከተከፈሉ ስምንት ሆነው እንደ ዳይ ኩብ ይሠራሉ። አቅጣጫው ሥርዐት ከሌለው ግን እንደ ወይን ዘለላ ይቈለላሉ። በትሮች በወርዳቸው ብቻ ስለሚከፈሉ የአደራደራቸው ዐይነት ጥቂት ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንት ለእነዚህ ስም ያወጡት በየጊዜው ነው። ጉድሰር በ1842 «ሳርሲና»፣ ማለት እስር ወይም ጓዝ፣ አለ፤ ቢልሮት በ1874 «ስትሬፕቶኮከስ»፣ ኦግስተን ደግሞ በ1882 «ስታፊሎኮከስ» የሚሉትን ስሞች ሰጡ። የኋለኞቹ ሁለቱ ጥምር ቃላት ናቸው፤ ፊተኛው ክፍል አደራደሩን፣ ኋለኛው ክፍል ቅርጹን ይነግራል። የአማርኛም ሥርዐት ይኸው ነው፤ ገላጩ ይቀድማል፣ ተገላጩ ይከተላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ሳንለውጥ «ሰንሰለት ሉል»፣ «ሰንሰለት በትር» ማለት እንችላለን። የግእዝ ዘርፍና ባለቤት ግን፣ «ቤተ መጻሕፍት» እንደሚያሳየው፣ ተቃራኒውን ሥርዐት ይከተላል። ሁለቱን ቀላቅሎ አንዱን ቃል በግእዝ ሌላውን በአማርኛ ሥርዐት ማዋቀር ስልቱን ያፈርሰዋል፤ አንባቢው ዋናው ቃል የቱ እንደ ሆነ አያውቅምና።

የተመረጡትን አንድ በአንድ እንመልከት።

«ጥንድ ሉል»፦ የማጅራት ገትር ባክቴሪያ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሉሎች በሚገናኙበት በኩል ጠፍጠፍ ስለሚሉ፣ በአንድ የቡና ፍሬ ውስጥ ፊት ለፊት የተጋጠሙትን ሁለት የቡና ዘሮች ይመስላሉ። ለሀገራችን ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

«ሰንሰለት ሉል»፦ «ድርድር» የሚለው ቃል ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑ አንባቢ «ድርድር» ሲል የሚያስበው የሁለት ወገኖችን ንግግር ነው። የግሪክኛው ቃል የተጠማዘዘ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ማለት ስለሆነ «ሰንሰለት» ይቀርበዋል። በማብራሪያ ላይ ግን በክር የተሰካ ዶቃ ብሎ ማስረዳት ይጠቅማል፤ የሰንሰለት ቀለበቶች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፣ ሉሎቹ ግን አይጠላለፉም።

«ዘለላ ሉል»፦ «ዘለላ» በወይን ሲነገር ብዙ ፍሬ አንድ ላይ የያዘውን፣ በእንባ ሲነገር ግን አንዷን ጠብታ ያመለክታል። ይህ ተቃርኖ ስላለ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ «እንደ ወይን ዘለላ» ተብሎ ይገለጽ፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ይበቃል።

«አራትዮሽ ሉል»ና «ስምንትዮሽ ሉል»፦ «ሁለትዮሽ»፣ «ሦስትዮሽ» በሚሉት የታወቁ ቃላት አምሳል የተሠሩ ናቸው። ሳርሲናን «እስር ሉል» ማለት ቃሉን በትክክል ይተረጕማል፤ ነገር ግን ወኅኒ ቤትን ያስታውሳል፤ ቍጥሩንም አይናገርም።

«ሰንሰለት በትር»፦ የአባ ሰንጋው ባክቴሪያ በተለይ በቤተ ሙከራ ሲራባ በዚህ አደራደር ይታያል። በትሮቹ ጫፍ ለጫፍ ሲገጣጠሙ የሸንበቆ አንጓ ይመስላሉ። «አጥር በትር» ደግሞ ጐን ለጐን እንደ አጥር ዕንጨት ለቆሙት፣ ለምሳሌ ለዲፍቴሪያው ባክቴሪያ፣ ይሆናል።

5. ቅርጽ ዝምድና አይደለም

መመሪያችን ከሁሉ የበለጠ የሚፈተነው የወገኑ ስም አንድ ቅርጽ፣ የሚታየው ነገር ደግሞ ሌላ በሚሆንበት ጊዜ ነው። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ዋነኛው ባክቴሪያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል፤ ቀድሞም «ዲፕሎኮከስ» ይባል ነበር። በ1974 ግን ከስትሬፕቶኮከስ ወገን ተመደበ። የወገን ስሞችን ሁሉ የተረጐመ ሰው «ጥንድ ሆኖ የሚታይ ሰንሰለት ሉል» ለማለት ይገደዳል፤ ይህም ትርጉም የለሽ ነው። በመመሪያችን መሠረት ግን «ጥንድ ሉል ሆኖ የሚታይ ስትሬፕቶኮከስ» ይባላል፤ ዐረፍተ ነገሩም ግልጽና እውነተኛ ነው።

ይህ አንድ ነጠላ አጋጣሚ አይደለም። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 የዘር ቅንብርን በማነጻጸር ባቀረቡት ጥናት ላይ ተመሥርቶ የተገነባው የዛሬው ምደባ፣ የቅርጽ መመሳሰል የትውልድ መቀራረብን እንደማያረጋግጥ አሳይቷል። በትርነት በብዙ የተራራቁ ወገኖች ይገኛል። በአንድ ቅል እርጎ ውስጥ እንኳ ሰንሰለት ሉሎችና በትሮች አብረው ወተቱን ያረጋሉ፤ ቅርጻቸው ቢለያይም ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። የወገን ስሞች ወደ ፊትም ይለወጣሉ፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቅርጽ ግን አይለወጥም። የቅርጽ ቃላትን ከወገን ስሞች ለይተን ካስቀመጥን ምደባው በተሻሻለ ቍጥር መዝገበ ቃላታችንን ማፍረስ አያስፈልገንም።

6. ማጠቃለያ

የቀረቡት ቃላት ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦

ኮከስ — ሉል
ባሲለስ (ቅርጹ) — በትር፤ (ወገኑ) — ባሲለስ
ኮኮባሲለስ — ሉላዊ በትር
ቪብሪዮ (ቅርጹ) — ማጭድ በትር፤ (ወገኑ) — ቪብሪዮ
ስፒሪለም (ቅርጹ) — ጥምዝ፤ (ወገኑ) — ስፒሪለም
ስፓይሮኪት — ተጠማዛዥ
ዲፕሎኮከስ — ጥንድ ሉል
ስትሬፕቶኮከስ (አደራደሩ) — ሰንሰለት ሉል፤ (ወገኑ) — ስትሬፕቶኮከስ
ስታፊሎኮከስ (አደራደሩ) — ዘለላ ሉል፤ (ወገኑ) — ስታፊሎኮከስ
ቴትራድ — አራትዮሽ ሉል
ሳርሲና (አደራደሩ) — ስምንትዮሽ ሉል፤ (ወገኑ) — ሳርሲና
ስትሬፕቶባሲለስ (አደራደሩ) — ሰንሰለት በትር፤ (ወገኑ) — ስትሬፕቶባሲለስ
ፓሊሴድ — አጥር በትር

ተርጓሚው ከእንግሊዝኛ ሲመልስ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ይህ ቃል በዚህ ቦታ የሚነግረኝ ምን እንደሚመስል ነው ወይስ ማን እንደ ሆነ?» ምን እንደሚመስል ከሆነ ይተርጕመው፤ ማን እንደ ሆነ ከሆነ በድምፁ ይጻፈው። በዚህ መንገድ የተሠራ ቃል ሌላም ጥቅም አለው። በአሰላ ያለው የጤና ሠራተኛ «ተጠማዛዥ» ወይም «ማጭድ በትር» የሚለውን አንብቦ ትርጉሙን በኦሮምኛ ወዲያውኑ ሊናገረው ይችላል፤ ከግሪክኛ የተቀዳ ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን የሚያሻግረው ትርጉም አያገኝም። ቃላቱ የመጨረሻ አይደሉም። በተለይ «ዘለላ»ና «ማጭድ በትር» በቤተ ሙከራ ባሉ ተማሪዎች አፍ ተፈትነው፣ ያልተስማሙት ቢተኩ መልካም ነው። የሁለቱ አገልግሎቶች መለየት ግን ሊተው የሚገባው አይደለም፤ ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይልን በቃላችን ማሳየት የኛ ግዴታ ነውና።